የጾመኞቹ አይጦች መስቀል

መድኃኒት ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ። ወረቀታችሁን በመስኮቱ ትሰጣላችሁ፣ ልጁ ያነብባል፣ መደርደሪያውን ያስሳል፣ ካርቶኗ ላይ በእስክሪብቶ አንድ፣ አንድ፣ አንድ ብሎ ይጽፍና «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ» ይላችኋል። አለቀ። ከኋላችሁ ያለው ሰው ክርኑን አስገብቷል። አሁን እስቲ አስቡት፤ ከእናንተ በፊት የተስተናገዱት ከጉንችሬ የመጡ እናት ናቸው፤ ሰማንያ ሳይደፍኑ አይቀሩም፣ ነፋስ ከተነሣ ሁለት ሰው ደግፎ ካልያዛቸው ይዟቸው የሚሄድ። ከእናንተ በኋላ ያለው ደግሞ ወልቂጤ መናኸሪያ ጭነት የሚጭን ጎረምሳ ነው፤ ቁርሱን ሥጋ፣ ምሳውን ሥጋ፣ እራቱንም ካገኘ የማይምር። ለሁለቱም አንድ፣ አንድ፣ አንድ። ኪኒኗ ሆድ ውስጥ ስትወርድ ማን ቤት እንደገባች በምን ታውቃለች? «ትናንት ምን በሉ?» ብሎ የጠየቀኝ መድኃኒት ቤት እስካሁን አላጋጠመኝም። ሰልፉ ረጅም ነው፤ አልፈርድባቸውም።

እኔም ብሆን ይሄን ነገር ማሰብ የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ የማነበው ዳዊቴን ነው። እንዲህ ያለው ሰው ስለ ጉበትና ስለ ኪኒን ሊያወራ ሲነሣ «ማን አስተማረህ?» ማለታችሁ አይቀርም። መልሱ ትንሽ ያሳፍራል።

አይጦች ናቸው ያስተማሩኝ።

ሥራዬ ነው። ጉብሬ አጠገብ ካለው ካምፓስ ውስጥ፣ ከላብራቶሪው ጀርባ ባለች ክፍል፣ አይጥ እቀልባለሁ። ሳጥናቸውን አጥባለሁ፣ ሰጋቱራቸውን እቀይራለሁ፣ ውሃቸውን እሞላለሁ። አገር ምድሩ ለአይጥ ድመት ሲያሳድግና መርዝ ሲያስቀምጥ እኔ አወፍራቸዋለሁ። የዕድራችን ሰዎች ይሄን ካወቁ ወዲህ የአንዳቸው ጆንያ በተቀደደ ቁጥር ወደ እኔ ነው የሚያዩት። አንዱማ በሰው ፊት «ወልዴ፣ ዘመዶችህ ትናንት ጓዳዬን ጎብኝተውልኝ ሄዱ፤ ሰላም በልልኝ» አለኝ። ለዚህ ነው ባጃጅ ውስጥ ሥራዬን የሚጠይቀኝ ሰው ሲገኝ «ካምፓስ ነኝ» ብዬ ቶሎ የምወርደው። አስተማሪ ቢመስለው የእኔ ጥፋት አይደለም።

ደግሞ የእኔዎቹ ጓዳ ውስጥ የምታውቋቸው ዓይነት አይደሉም። ነጫጭ ናቸው፣ ዓይናቸው ቀይ ነው፣ ከእንቅልፋቸው ሲነሡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ፊታቸውን በሁለት እጃቸው መታጠብ ነው። ሳይታጠብ ወደ ጸሎት የሚሮጥ ስንት ሰው አውቃለሁ።

ወደዚያች ክፍል ነው እንግዲህ ፈትያ የመጣችው። የቡታጅራ ልጅ ናት፤ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ነው። ጋዋኗን በሒጃቧ ላይ ለብሳ ገባች፤ ሳጥኑን ስከፍትላት ወንበር ላይ ወጣች። እኔም ወንበሩን ያዝኩላት፤ ምን ላድርግ? አይጥ የምትፈራ የአይጥ ተማሪ አይቼ አላውቅም። «ልጄ፣ ሌላ ትምህርት አይሻልሽም?» አልኳት። ከወንበሩ ሳትወርድ ነበር ታሪኳን ያወራችልኝ።

እንሴኖ ያሉ አያቷ እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው ኪኒን ታዘዘላቸው። እንደ ማንኛውም አዋቂ ሰው፣ ማታ ማታ አንድ። ሽማግሌው ዋጡና ተኙ። በማግስቱም ተኙ። ቢቀሰቅሷቸው አይሰሙም፣ ትንፋሻቸው ግን አለ። ቤተሰቡ ተሰበሰበ፣ ራስጌያቸው ከቁርኣን ያሲን ተቀራ፣ ከአዲስ አበባ ዘመድ ተነሣ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ቤቱን የሞላውን ሰው አዩና «ማን ሞቶ ነው?» አሉ። ማንም አልሞተም ሲሏቸው «ታዲያ ይሄን ሁሉ ሰው ምን አበላችሁት?» ብለው ተቆጡ።

«ያንኑ ኪኒን ከዚያው ካርቶን አጎቴም ወስዶ ያውቃል፣ ጋሽ ወልዴ» አለችኝ። «እሱ ጠዋት ተነሥቶ ገበያ ሄደ። ኪኒኑ አንድ ነው። ሰውየው ነው ሌላ። አያቴ አርጅተዋል፤ ጥርስ ስለሌላቸው ደግሞ ቆጮና ጎመን እንጂ ሌላ አይቀምሱም። አሁን እኔ ማወቅ የምፈልገው ይሄን ነው፤ ያን ያህል ያስተኛቸው ዕድሜያቸው ነው ወይስ ሳህናቸው?»

ይሄን ብላ ከወንበሩ ወረደች። ጥያቄዋ ፍርሃቷን በለጠባት።

ነገሩን እኔ እንደገባኝ ላስረዳችሁ። ጉበት ወፍጮ ነው በሉት። መድኃኒቱ እህል ነው። ወፍጮው እህሉን ፈጭቶ ካላሳለፈው ደጅ ላይ ተከምሮ ይውላል፤ መድኃኒቱም ደም ውስጥ ይከርማል። የወፍጮው ድንጋይ የሚሠራው ደግሞ ፕሮቲን ከሚሉት ነገር ነው፤ ከባቄላ፣ ከአይብ፣ ከሥጋ። የዕድሜ ነገር አለበት፤ ጨቅላ ወፍጮው ገና ነው፣ ሽማግሌ ወፍጮው ደክሟል። ፈትያ ይሄን ሁሉ ከመጽሐፍ ታውቀዋለች። የእኛን ቆጮ በልቶ ባረጀ አካል ላይ ግን ያየው ሰው መኖሩን እንጃ።

ስለዚህ አይጦቹን ከፈለቻቸው። ወጣቶችና አሮጌዎች። ከወጣቶቹም ከአሮጌዎቹም ግማሾቹ ቆጮ ከአይብና ከባቄላ ዱቄት ጋር፤ ግማሾቹ ቆጮ በዘይት ብቻ፣ ቫይታሚኑ ተጨምሮበት። እሷ በቁጥር ጻፈቻቸው። እኔ ስም አወጣሁላቸው፤ ፍስኮቹና ጾመኞቹ። ሳምንት ሳይሞላ እሷም «ጋሼ፣ ጾመኞቹ ውሃ አላቸው?» ማለት ጀመረች።

መለኪያው ቀላል ነው። በየክብደታቸው የእንቅልፍ መድኃኒት በመርፌ ይወጋሉ። ሲተኙ በጀርባቸው ታስተኛቸዋለች። መድኃኒቱ ሲለቃቸው ራሳቸው ተገልብጠው በእግራቸው ይቆማሉ። ከመተኛት እስከ መገልበጥ ያለውን እሷ በስልኳ ሰዓት ትለካለች። እኔ ደግሞ ቆሜ ዝም ማለት ስለማልችል በልቤ ጸሎቴን አደርሳለሁ፤ እና የእኔም ሰዓት ያ ሆነ። ወጣቶቹ ፍስኮች አቡነ ዘበሰማያትን ጥቂት ጊዜ ደግሜ ሳልጨርስ ብድግ ይላሉ። አሮጌዎቹ ጾመኞች የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ጨርሼ፣ መልክአ ማርያሙን ጀምሬም አይነቁም።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ሁሉም የመጣው ከዚህ ነው። አሮጌ አይጥ ከገበያ አይገዛም። ይጠበቃል። አይጥ እስኪያረጅ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሰው ልጁ እስኪያድግለት ይጠብቃል፤ ፈትያ ሳትከፍላቸው በፊት አይጥ እስኪያረጅላት ጠበቀች። ሌሎቹን ትምህርቶች እየተማረች፣ ጓደኞቿ ሲመረቁ እያጨበጨበች፣ በየሳምንቱ እየመጣች ፂማቸው ሲረግፍ፣ ወገባቸው ሲጎብጥ አየች። «አርጅተዋል እንዴ ጋሼ?» ትለኛለች። «ትንሽ ይቀራቸዋል፣ በርቺ» እላታለሁ።

ከአሮጌዎቹ ጾመኞች ውስጥ ሰባት ቁጥሩን አዝማች ብዬዋለሁ። አቀማመጡ ነው፤ ሽምግልና ላይ እንዳለ ሰው እጁን ደረቱ ላይ ሰብስቦ ይቀመጣል፣ ሌሎቹ ሲጣሉ ዞር ብሎ ያያቸዋል፣ ይተዋሉ። ሲያረጅ ነጭነቱ ወደ ቢጫ ሄደ። ቆጮውን እየቆረሰ ይበላና የቀረውን ይሸፍናል፤ ለነገ መሆኑ ነው። እኔም ቤቴ እንደዚያው ነኝ።

የመጀመሪያው ልኬት አማረ። ከሁሉም የሚቆዩት አሮጌዎቹ ጾመኞች ሆኑ፣ ከእነሱም አዝማች። ፈትያ አማካሪዋ ዘንድ፣ ዶክተር ሰይፈ ዘንድ፣ እየሮጠች ሄደች። ዶክተሩ ደስታውን የማያባክን ሰው ነው፤ «ከአንድ ወር በኋላ ድገሚው፤ ከተደገመ እውነት ነው» አላት።

በዚያ ወር መሐል ነው መስቀል የዋለው።

ጉራጌ ያልሆናችሁ አንባቢዎች መስቀል አንድ ቀን ይመስላችኋል። እኛ ዘንድ ወር ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። አዲስ አበባ ያለው ይገባል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ቅቤ የሌለው ቤት ቅቤ ይላክለታል። ዋናው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፤ በአጥሩ ውስጥ አንድም ነፍስ ሳይቀምስ አይውልም። አባቴ የመስቀል ለት ክትፎው ፊቱ ከመቅረቡ በፊት በረት ይገባ ነበር። ላሟ አሞሌ ጨው ልሳ፣ ውሻው አጥንቱን ይዞ ጥግ ሲይዝ ካላየ እጁን አይታጠብም። ያደግኩት ይሄን እያየሁ ነው።

ካምፓሱ ለበዓል ተበተነ። ፈትያ ቡታጅራ ሄደች። አይጥ በዓል የለውምና እኔ የመስቀል ለት ረፋዱ ላይ ለመቀለብ ሄድኩ። ባለቤቴ የቋጠረችልኝን ጎመንና አይብ ይዣለሁ። በሩን ስከፍት ፍስኮቹ ድርሻቸውን ይጠብቃሉ፤ ሰጠኋቸው። ጾመኞቹም ቆሙ። ሁልጊዜም ይቆማሉ፤ የአይቡ ሽታ በየቀኑ ከጎረቤት ይደርሳቸዋላ። ቆጯቸውን ሰጠኋቸው። አዝማች ቆጮውን አላየውም። አፍንጫውን በሽቦው አውጥቶ እኔ ብብት ሥር ያለውን ቋጠሮ ያየዋል።

እኔ ጾም አውቃለሁ። ዓቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን፣ አልፎ አልፎም የራሴን እጨምራለሁ። ግን የማውቀው ጾም ሁሉ ፍቺ አለው። ፍቺ የሌለው ጾም ጾም አይደለም፤ ረሃብ ነው። ይሄ ሽማግሌ ስንት ሳምንት ጾመ፤ ዛሬ መስቀል ነው፤ ማን ያስፈታዋል?

በጣቴ ቆንጠር አደረግሁለት። አውራ ጣቴ ላይ ያለው ጥፍር ቢያክል ነው። በሁለት እጁ ተቀበለኝ። በሁለት እጁ!

ታዲያ ለእሱ ሰጥቼ ከአጠገቡ ያሉትን አሮጌዎች ልለፋቸው? ለሁሉም አዳረስኩ። ለወጣቶቹ ጾመኞች አልሰጠሁም፤ ወጣት ይታገሣል ብዬ። በማግስቱም ደገምኩ፤ ነገ ይዞ ይመጣል ብለው የጠበቁኝ መሰለኝ። እንዲያ እንዲያ እያለ ፈትያ እስክትመለስ ቀጠለ። ረቡዕና ዓርብ ግን አልሰጠኋቸውም። ደግነት ሌላ ሥርዓት ሌላ።

ልጅቱ ተመለሰች፣ ልኬቱ ተጀመረ። አዝማች ተወጋ፣ ተኛ፣ በጀርባው አስተኛችው። ውዳሴ ማርያሙን ጀመርኩ። ግማሽ ሳልደርስ ሽማግሌው ተገልብጦ ተነሣ፤ ተነሥቶም ፊቱን ታጠበ። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ፤ ጎሽ ልለው ነበር። ቀና ስል የፈትያን ፊት አየሁት። ስልኳን ታየዋለች፣ አይጡን ታየዋለች። የሚቀጥለውም እንደዚያው። አሮጌዎቹ ጾመኞች ሁሉ ፍስኮቹን ሊያክሉ ምንም አልቀራቸው። ወጣቶቹ ጾመኞች ደግሞ እንደ ቀድሞው ናቸው። ሽማግሎቹ ከጎረምሶቹ ቀድመው ነቁ ማለት ነው፤ ይሄ በየትኛውም መጽሐፍ የለም።

ዶክተር ሰይፈ መጣ። ወረቀቱን ገለባበጠ።

«መድኃኒቱ ተበላሽቶ ቢሆን ወጣቶቹም ይለወጡ ነበር» አለ። «ምግባቸው እንዳልተነካ እርግጠኛ ነሽ?»

«ጋሽ ወልዴ ናቸው የሚቀልቧቸው» አለች ፈትያ። «እሳቸው አያጓድሉም።»

እውነቷን ነው። አላጎደልኩም። ጨመርኩ እንጂ።

«እንግዲያው የመጀመሪያውን ስትለኪ ተሳስተሻል» አላት ዶክተሩ። «አሮጌዎቹን አውጪያቸው። በወጣቶቹ ብቻ ጻፊና ተመረቂ።»

በወጣቶቹ ብቻ! አሮጌዎቹ ከወጡ እኮ የእንሴኖው ሽማግሌ ወጡ። ጥያቄዋ ወጣ። ሁለት ዓመት የጠበቀችው እርጅና ወጣ። ሌላ ላስረጅ ብትል ሌላ ሁለት ዓመት፤ ትምህርት ቤቱ ያን ያህል አይጠብቃትም። ዶክተሩ ሲሄድ ሰጋቱራ የተከመረበት ጆንያ ላይ ተቀመጠችና በሒጃቧ ጫፍ ዓይኗን ያዘች። ምላሴ ላይ ቃሉ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ለሥራዬ ፈራሁ፣ ከሥራዬም ይልቅ «አያጓድሉም» ያለችበትን ፊት ፈራሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ንስሐ አባቴን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥላ ሥር ያዝኳቸው።

«አባ፣ ጾም ላይ ላለ ፍጥረት አይብ ሰጠሁ።»

«ለማን?»

«ለ... ሽማግሌ ነው።»

«የየት ደብር ሰው ነው?»

«አይጥ ነው አባ።»

መስቀላቸውን ወደ ቀሚሳቸው ኪስ ከተቱ። ደግነታቸው እዚህ ላይ ነው፤ አልሳቁም። አንድ በአንድ አስወሩኝ። ከዚያ «መስጠትህ አይደለም ኃጢአቱ፤ ልጅቱ ስታለቅስ ዝም ማለትህ ነው» አሉ። «ነገ ጠዋት ንገራት። ቀኖናህ እሱ ነው።» ልሳለም ጎንበስ ስል ጨመሩ፤ «ደግሞስ ስንት ጊዜ ነግሬሃለሁ፣ አንተ ወልዴ? አርጅተሃል፣ የግፊት ኪኒን ትውጣለህ፣ ላንተ ጾሙ ይላላል ብዬሃለሁ። ለአይጥ ያዘነ አንጀት ለራስህ ሲሆን ምን ያደነድነዋል?» ይሄን አልሰማሁም ብዬ ሄድኩ። የመጣሁበት ጉዳይ አልነበረማ።

ሰኞ ጠዋት ጋዋኔን አጣጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ፈትያ ስትገባ ጋዋኑን አየች፣ እኔን አየች።

«ልጄ፣ የመጀመሪያው ልክ ነበር። አልተሳሳትሽም። ለአሮጌዎቹ ጾመኞች አይብ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።»

«ምን አደረግክ?»

እስከዚያች ቀን ከአፏ አንቱታ ተለይቶ አያውቅም። ያኔ የነገሩ ክብደት ገባኝ። መስቀል መሆኑን፣ በሁለት እጁ መቀበሉን ልነግራት ሞከርኩ፤ ጥላኝ ወጣች። በመስኮቱ አያታለሁ፤ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ወዲህና ወዲያ ትላለች። ሳጥኖቹን አጠብኩ። የመጨረሻዬ ነው ብዬ በደንብ አጠብኳቸው።

ስትመለስ ደብተሯን ይዛለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ እንደ አይጦቹ።

«ከመቼ እስከ መቼ?»

«ከመስቀል ለት ጀምሮ አንቺ እስክትመጪ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ። ረቡዕና ዓርብ ሲቀር።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «ረቡዕና ዓርብ ለምን ይቀራል?»

«ጾም ነዋ!»

ደብተሯን ዝቅ አደረገች። ከዚያ «ያ ረቢ!» ብላ ጆንያው ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ሊሄድ ብሎ ተመለሰ። «ጋሽ ወልዴ፣ ይሄን ሁሉ ጉድ ሲሠሩ ጾሙን አልገደፉም?» አንቱታው ተመልሶ መጣ። ተመስገን አልኩ።

ስንት ስንት እንደሰጠሁ ጠየቀችኝ፤ የጥፍሬን ያህል አልኳት። ከከተማ አይብ አስመጣችና «ሳያዩ ይቆንጥሩልኝ» አለችኝ። ደጋግሜ ቆነጠርኩ፣ ደጋግማ መዘነች። አንዱ ከአንዱ እምብዛም አይለይም። እጅ የለመደውን ያውቃል።

ዶክተር ሰይፈ ዘንድ አብረን ገባን። ደስታውን የማያባክነው ሰው ቁጣውን እንደማይቆጥብ ያን ቀን አየሁ። «ይሄ ላብራቶሪ ነው ወይስ ማኅበር?» አለኝ። አቀርቅሬ ሰማሁት። እኔን ከሥራ ማስወጣት እንደሚችል ነገረኝ፤ ልክ ነበር። ፈትያ ግን እንደ ቆመች «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልበል» አለች። «ወደ ቆጮው ብቻ ልመልሳቸውና እንደገና ልለካ። እንቅልፋቸው መልሶ ከረዘመ፣ ያስረዘመው ዕድሜ ብቻ አይደለም ማለት ነው። በጥቂት አይብ ያረጀ አካል እንኳ መልሶ ይበረታል ማለት ነው። ይሄ እኮ ከመጀመሪያው ጥያቄዬ ይበልጣል።»

ዶክተሩ ደብተሯን ተቀብሎ ገለጠ። «ካልረዘመስ?» አላት።

«ካልረዘመ በወጣቶቹ ብቻ እጽፋለሁ። አልለምንዎትም።»

«አንድ ጊዜ» አለ ዶክተሩ። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «እርስዎም አይሄዱም። እየቀለቡ ያያሉ።»

ቅጣት ማለት ይሄ ነው። ቆጮ ብቻ ይዤ ስገባ አዝማች አፍንጫውን በሽቦው አውጥቶ ብብቴን ያያል። ባዶ መሆኑን ለማሳየት ክንዴን እዘረጋለሁ። እንደ ሽማግሌ ደንብ ፊቱን ያዞራል። አንድ ሁለቴ ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምኩ፤ እንባዬን ለአይጥ ላሳይ?

ጊዜው ደረሰ። አዝማች ተወጋ፣ ተኛ። ፈትያ ስልኳን ይዛለች፣ ዶክተሩም መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ውዳሴ ማርያም ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ደረስኩ፤ አልነቃም። ፈትያ ከንፈሯን ነከሰች። ጨረስኩ፤ አልነቃም። መልክአ ማርያሙን ጀመርኩ። ደስታዬ እዚህ ላይ አለቀና ፍርሃት ጀመረኝ፤ ሽማግሌው ከመስቀል ወዲህ ይባስ አርጅቷል፤ እዚያው ቢቀርስ? ሆዱን አየዋለሁ፤ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቀስ ብሎ። ፈትያ በሹክሹክታ ቢስሚላህ ትላለች፣ እኔ እግዚኦ እላለሁ። አንድ አይጥ በሁለት ሃይማኖት ተጸለየለት።

ፂሙ ተንቀሳቀሰ። አንድ እግሩ አየሩን ዳበሰ። ተገለበጠ። ቆመ።

«አልሀምዱሊላህ!» አለች ፈትያ፣ እና ሰዓቷን አሳየችን። መጀመሪያ ቀን የተኛውን ያህል ነበር የተኛው፤ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። የቀሩትም እንደዚያው ሆኑ። ዶክተሩ ወረቀቱን አየና «ተደገመ» አለ። ከእሱ አፍ ይሄ እልልታ ነው።

ከዚያ በኋላ ፈትያ እንዳስረዳችኝ፣ ዕድሜ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ አይብ የበሉት አሮጌዎችም ከወጣቶቹ ትንሽ ይቆያሉ። ከባዱ ድርሻ ግን የሳህኑ ነበር። ሳህን ደግሞ እንደ ዕድሜ አይደለም፤ ይሞላል። «ግን ጋሼ፣ አይጥ ሰው አይደለም፤ ገና ብዙ ይቀራል» አለችኝ። «ይሄን ሰማሁ ብለው የግፊት ኪኒንዎን በራስዎ እንዳይቀንሱ። ሐኪሙን ይጠይቁ፣ የሚበሉትንም ይንገሩት።»

መመረቂያ ጽሑፏን ያቀረበች ቀን ለእኔም ወንበር ተሰጠኝ፤ ከኋላ። አያቷም ከእንሴኖ መጡ። በራሳቸው እግር ነው የገቡት፤ ሐኪሙ ኪኒናቸውን ቀንሶላቸዋል፣ ልጆቻቸውም ባቄላ እየፈጩ፣ ወተት እየቀላቀሉ ያጠጧቸዋል። አጠገቤ ተቀምጠው «የአይጡ ሰውዬ አንተ ነህ?» አሉኝ። ነኝ አልኳቸው። «ማሻአላህ» ብለው እጄን ያዙኝ፤ በቀላሉም አልለቀቁኝም።

ፈታኟ ከሌላ ከተማ የመጡ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ ሴት ናቸው። ገጽ ገልጠው ቆሙ። «እዚህ ላይ በስህተት የተሰጠውን አይብ ስትገልጪ ረቡዕና ዓርብ ሲቀር ብለሻል። ሳይንሳዊ ምክንያቱ ምንድን ነው?»

 የቡታጅራዋ ልጅ ሒጃቧን አስተካክላ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ «ጾም ነው» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፈታኟ አልሳቁም። «በጽሑፍ የተያዘ ነገር የለም። ሰጪው ቀኖቹን እንዳላሳሳተ በምን አረጋገጥሽ?»

ፈትያ ወደ እኔ አመለከተች። እጄን ከሽማግሌው እጅ አውጥቼ ተነሣሁ። 

«እመቤቴ» አልኩ፣ «ሌላ ሌላውን ልረሳ እችላለሁ። ረቡዕ ቀን አይብ ነክቼ ብሆን ግን እስከ ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።»

ሴትየዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ጻፉ። «ተቀብያለሁ» አሉ፣ «ቀጥዪ።»

ፈትያ አለፈች። እኔም ከሥራዬ አልወጣሁም፤ በሩ ላይ ብቻ «ከታዘዘው ምግብ ሌላ በበዓልም ቢሆን መስጠት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። «በበዓልም ቢሆን» የምትለዋ ለእኔ ናት። መድኃኒት ቤት ስሄድም ሳልጠየቅ «ስልሳን አልፌያለሁ፣ የምበላው ቆጮና ጎመን ነው፣ ጾም አበዛለሁ» እላለሁ። ከኋላዬ ያለው ሰው ያጉረመርማል። ልጁ ግን ባለፈው ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና «ቆይ፣ ሐኪምዎ ይሄን ያውቃል?» አለኝ። ተመስገን፤ አንድ ሰው ጠየቀ።

አዝማች ጥናቱ ስላለቀ ጡረታ ወጥቷል። ዶክተሩ ሳጥኑ ውስጥ ዕድሜውን እንዲጨርስ ፈቀደለት፤ አይቡም የታዘዘ ምግብ ሆኖ ተጻፈለት። በየቀኑ የጥፍሬን ያህል።

ረቡዕና ዓርብስ ትሉኛላችሁ። እዚያ ላይ ትንሽ ተቸግሬ ነበር። በኋላ ግን ንስሐ አባቴ ያሉት ትዝ አለኝ፤ ላረጀና መድኃኒት ለሚወስድ ጾሙ ይላላል ብለዋል። አዝማች አርጅቷል፤ መድኃኒትም ቢሆን ከእኔ የበለጠ ወስዷል። ስለዚህ ረቡዕም ዓርብም ይበላል።

አባ ያን ቃል የተናገሩት ለእኔ እንደነበር አልረሳሁም። እያሰብኩበት ነው።